ጋሼ የፈቱት ላፕቶፕ

— ሄሎ… አቤት ጋሼ! እንዴት ዋሉ?… ደህና ነን፣ ልጅዎም ደህና ናት፣ ሥራ ገብታለች… እኔም ሱቅ ነኝ። ምነው፣ በሰላም ነው?

— የታናሿ ልጅዎ፣ የሚጣ ላፕቶፕ… አውቃለሁ። ገና አሥር ደቂቃ ሳትሠራበት እንደ ካውያ ግሎ ድርግም ይላል ብላኛለች። ቅዳሜ መጥቼ እሠራዋለሁ ብያት የለ? ፔስቱንም እዚያው አስቀምጬላታለሁ።… ዛሬ? የሥራ ቃለ መጠይቁ ዛሬ ሆነ?… በቪዲዮ፣ ስምንት ሰዓት ላይ! ጋሼ፣ አሁን እኮ ስድስት ተኩል ነው! እኔ ከዚህ ብነሳ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ነው መንገዱ። ግድ የለም፣ የጎረቤት ላፕቶፕ ይዋሱና የሷን እንዳይነኩ…

— ምን አደረጉት?

— ፈቱት።… ክዳኑን ብቻ ነው ወይስ… ሁሉንም።

— እህቴ፣ አንድ አፍታ ታገሽኝ፤ የባለቤቴ አባት ናቸው። ስልክሽን አሁን እጠግንልሻለሁ፣ ያው ጠረጴዛው ላይ ነው።

— የለም ጋሼ፣ ደንበኛ ናት። እየሰማሁዎት ነው።… አርባ ዓመት የከባድ መኪና ሞተር ፈትተዋል፣ ማን ካደ? ግን ይሄ ራዲያተር የለውም… እሺ። ሙቀት ሙቀት ነው። እሺ። ምን ምን እንደነኩ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።

— ባትሪውን ነቀሉ?… ጎሽ፣ እሱስ ደግ አደረጉ።… ማራገቢያው ውስጥ አቧራ። ምን ያህል?… እንደ ትራስ ጥጥ! አልጋ ላይ ጎልታው ስትሠራ አየሩን ከየት ያምጣው? በብሩሽ ጠረጉት፣ እሰየው።… ከዚያ የመዳብ ቱቦ ያለበትን ብረት አነሱት፣ ሥሩ ያለው ነገር ደርቆ ኖራ መስሏል። እሱ ነው ፔስቱ፤ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ብረቱ የሚያሻግረው እሱ ነው። ሲደርቅ ማሻገሩን ይተዋል። እና ፍቀው አነሱት… ከዚያስ?

— ምን ቀቡት?

— ጋሼ… ግራሶ? የመኪና ግራሶ?

— አልጮኽኩም።… አልተቆጣሁም፣ ድምፄ ነው። ያስቀመጥኳት ፔስትስ?… “ይቺ ጠብታ ለዚህ ሁሉ ሙቀት አትበቃም!” የኔ ጌታ፣ ከድጡ ወደ ማጡ! ማነስዋ እኮ ነው ሙያዋ!

— እሺ፣ እሺ… አሁን መነታረኩን እንተወው። የቁስል አልኮል ቤት አለ?… በጥጥ ነክረው ግራሶውን ይጥረጉት፤ ከብረቱም ከፕሮሰሰሩም። እስኪያብለጨልጭ። አይፋቁ፣ ይጥረጉ።… ጥጡ ጥቁር ሆነ? ይቀይሩት።… አሁንም ይቀይሩት።… ስስት አያስፈልግም ጋሼ፣ ጥጥ ነው!

— ነጣ? አሁን ፔስቷን መሐሉ ላይ ጠብ ያድርጉ፤ የምስር ፍሬ ታክል።… አንድ ምስር! ሦስት አላልኩም። ትርፉን ያንሱት።… እንግዲህ ብረቱን ይመልሱ። አራት ብሎኖች ናቸው፣ በየጎናቸው ቁጥር አለ፤ በቁጥሩ ተራ እያላሉ ይሰሩ፣ መጨረሻ ላይ ያጥብቁ።

— ወደቀ? ያንሱት።… ደግሞ? የት ገባ?… ከጠረጴዛው ሥር ነዋ!… አሁንም? ጋሼ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ረጋ ይበሉ! ካቻቢቴውን ቀጥ አድርገው ይያዙት!… አርባ ዓመት ብሎን ያሰረ እጅ እንዴት ይቺን ምናምንቴ…

— እጅዎ ምን ሆነ?

— ምን አሉኝ?

— ከመቼ ጀምሮ?… ከክረምት! ቀኙ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው?… ብርጭቆም ሲይዙ።

— ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። አላወቅኩም። አፌን… ይቅር ይበሉኝ።

— ሚጣ የት ናት?… ልብሷን እየተኮሰች። ይጥሯት።… አልነግራትም ብያለሁ! “እኔ ልምራሽ፣ አንቺ እሰሪ” ይበሏት፣ አለቀ። ጋራዥ እያሉስ ዋና መካኒክ ቆሞ ያዝዝ የለ? ስምንት ወር ሙሉ ሥራ ስትፈልግ ኖራ ዛሬ በአንድ ብሎን ትቅር?

— ሚጣ? አለሁልሽ።… አታልቅሺ፣ አልተበላሸም። አባትሽ የሚሉሽን ብቻ አድርጊ፤ ቁጥሯን እያየሽ… ሦስተኛዋን በሰያፍ… ደረሰ? የማራገቢያውን ገመድ ሰኪ። ባትሪውን። አሁን አብሪው።

— በራ!… ማራገቢያው ይዞራል? ቪዲዮ ክፈቺበት፣ ይሞቅ እንደሆነ ዲግሪውን እንየው። እጠብቃለሁ።

— እህቴ፣ እባክሽ ሁለት ደቂቃ። እኔም እንዳንቺ ጨንቆኛል።

— እሺ ሚጣ… ስንት?… ስልሳ ሁለት ዲግሪ! አልጠፋም! በይ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፣ አልጋ ላይ ብትወስጂው ግን እኔና አንቺ አንተዋወቅም።… ምን ሆነው?… መዳፋቸውን አየሩ የሚወጣበት ላይ አስደግፈው ቁጭ። ተያቸው። ካሜራው ውስጥ እንዳይገቡ ብቻ። ይቅናሽ! ስልኩን ለሳቸው ስጪልኝ።

— ጋሼ፣ ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ።… ለላፕቶፑ አይደለም።… “በራሱ ይተዋል” አይበሉኝ! ይሄ ሱቅ የሚመጣ ሰው ሁሉ እንደዚያ ብሎ ነው የሚያቆየው፤ ጭራሽ ሲጠፋ ነው ተሸክሞ የሚያመጣልኝ።… ለባለቤቴም አልነግርም፤ ከሐኪም ቤት ስንወጣ ራስዎ ይነግሯታል። ተስማማን?

— ጋሼ፣ ተስማማን ወይ?

— …ይባረኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጫማዎን አድርገው ይጠብቁኝ። አሁን ይዝጉት፣ ልትጀምር ነው።… ቀዩን ይጫኑ።… የላፕቶፑን አይደለም፣ የስልኩን! የስልኩን ቀይ…