ጣናን የተሻገረው እግር

ከግሽ አባይ ሰፈር በታክሲ ስንነሳ፣ ከፊቴ ጊታር ያቀፈ ወጣት ያንጎራጉር ነበር። አጠገቡ የተቀመጡት ሰውዬ ጠየቁት።

«ምን ዓይነት ዘፈን ነው?»

«ሮክ ነው፣ ጋሼ። ቅዳሜ መድረክ ላይ እንጫወተዋለን።»

«ስለ ምን?»

«ጦር ሜዳ እግሩን ስላጣ ወታደር። ግራ እግሩ ጉሙን እየረገጠ ብቻውን ጣናን ይሻገራል። ሹሞቹ እግሩን ይሸልሙታል፤ ወታደሩን ግን ዘበኛው በር ላይ ይመልሰዋል።»

ሰውዬው ሳቁና ከመቀመጫው ሥር ክራንቻቸውን አወጡ።

«ውይ! አላየሁም፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ፤ እተወዋለሁ።»

«ኧረ አትተወው! ግን ለምን ግራውን?»

«ከ‹ተራራ› ጋር እንዲገጥምልኝ ነው።»

«ቀኝ በለው። የእኔ ቀኙ ነው።»

«ቀኝ ከምን ጋር ይገጥማል?»

«ከሞኝ ጋር።»

ሐይቁ ከጎናችን አብሮን ሲሄድ፣ «ወራጅ አለ» ሳልል መውረጃዬን አለፍሁ።