ለወፍ ያልተነገረ ወሬ

ኅዳር 21 ቀን 1985 ዓ.ም.፣ በጽዮን ማርያም ማኅበር፣ በአቶ ለተሥላሴ ቤት፣ ከምሰሶው በስተቀኝ ተቀምጦ የሰደበኝ ጌጡ ነው። ሰዓቱንም አልረሳሁት፤ ዳቦው ተቆርሶ ሁለተኛው ጠላ ሲቀዳ ነበር። ከቀበሌ የመጣ ደብዳቤ አንብብልን ተባልኩና አነበብኩ። አንዲት ቃል ላይ ተደናቀፍኩ። ማን አይደናቀፍም? ጌጡ ግን ዋንጫውን አስቀምጦ፣ "ግማሽ ዳዊት፣ ግማሽ ትምህርት ቤት! የዚህ ሰው ሙሉ ነገሩ ሆዱ ብቻ ነው" አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጠላ የምትቀዳው ተሾመች እስክታፈስ ድረስ ሳቀች። ቄሱ እንኳ አፋቸውን በመስቀላቸው ጋርደው ሳቁ። ማን እንደ ሳቀና ማን እንዳልሳቀ ዛሬም በስም እቆጥራለሁ። ያልሳቁት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ጆሮው አይሰማም ነበር።

ይበልጥ ያቃጠለኝ እውነት መሆኑ ነው። ዳዊትን ከየኔታ መርስዔ ኃዘን ዘንድ ጀምሬ ሳልጨርስ ወጣሁ። ሞላሌ ወርጄ አስኳላ ገባሁ፣ አባቴ ሲሞት ከስድስተኛ ክፍል ተመልሼ ሞፈር ጨበጥኩ። ይህን አገር ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን አገር የሚያውቀውንስ ቢሆን በጠላ ላይ ይሰድቡታል?

ሦስት ዓመት ዝም ብዬ ያዝኩት። በሦስተኛው ዓመት፣ በ1988፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ የወይዘሮ ወሰንየለሽ ሰባት በጎች ከጋጣቸው ጠፉ። ሴትዮዋ ባል የሞተባቸው ናቸው፤ ከበጎቹ ሌላ የሚሸልቱት ጠጉር፣ የሚሸጡት ነገር የላቸውም። አውጫጭ ተጠራ።

የአውጫጭን ነገር ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ሌባው ያልታወቀ እንደ ሆነ የአጥቢያው ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ቄስ ቆሞ፣ ያየውን የሰማውን የደበቀ ብሎ ይገዝታል። ሽማግሎቹ "ወፍ" የሚሉትን ሰው ይመርጣሉ። ሁሉም በየተራው ወደ ወፉ ቀርቦ በጆሮው ሹክ ይለዋል። በመጨረሻ ወፉ ተመልሶ፣ "ወፍ እገሌን አለች" ይላል። ለወፍ ማን ነገራት ተብሎ አይጠየቅም። ስሙ የወጣው ሰው በጉን ይተካል፤ የእሱን ስም ግን የሚተካለት የለም።

እኔም ለዚያች ወፍ የሚሆን እህል ነበረኝ። አውጫጩ ሊሆን ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሞላሌ አዛለች ጠላ ቤት ገብቼ ሳለሁ፣ አዛለች ወደ ጆሮዬ ዘንበል ብላ፣ "ያ የእናንተ ጌጡ፣ ወደ ራቤል በሚወስደው መንገድ ገና ሳይነጋ በግ ሲነዳ ታየ አሉ" አለችኝ። ማን አየው ብላት፣ "ሰው ነዋ!" አለች። ለእኔ በቂ ነበር። የጌጡ ልጅ ኮከቤ በስምንተኛው ቀን ልትዳር ነው፤ አማቾቿ የራቤል ሰዎች ናቸው፣ ስም የሚያጣሩ። የሌባ ልጅ አንወስድም ብለው ሽማግሌ ሲልኩ፣ ጌጡም በዚያው ማኅበር ቤት አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ ታየኝ። እውነቱን ለመናገር፣ የወይዘሮ ወሰንየለሽ በጎች ትዝ ያሉኝ ከዚያ በኋላ ነው።

በአውጫጩ ዕለት ጠዋት ገብሱ ታጭዶ ምድሩ ተራቁቶ፣ ውርጩ በቃርሚያው ላይ ነጭ ሆኖ ነበር። ከወንዙ ማዶ ስደርስ አንድ ሽማግሌ ባና ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በረባሷቸውን አውልቀው ጠጠር ያራግፋሉ። የኔታ መርስዔ ኃዘን ነበሩ።

ዛሬ ያ መንገድ ጠጠር ለብሶ አይሱዙ ይሄድበታል። የኔታም ካረፉ ዘመን ሆናቸው። እኔ ግን በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ያንን ድንጋይ በዓይኔ እፈልጋለሁ። ከጥዱ ሥር የነበረው ጎጇቸው፣ ሃያ ልጅ በአንድ ድምፅ ሲጮህ፣ ተኝተዋል ብለን ስናንሾካሹክ ዓይናቸውን ሳይገልጡ አለንጋቸውን ሲያነሡ፣ ይህ ሁሉ ይመጣብኛል። ያን ጊዜ ያመመኝ አለንጋ ዛሬ ቢመታኝ ደስ ባለኝ።

"ማነህ? ዓይኔ ደክሟል" አሉኝ።

"ወንድምአገኝ ነኝ የኔታ። እንደምን አደሩ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ያ መዝሙር ሰባ ላይ ጥሎኝ የጠፋው?"

"እሱው ነኝ" አልኩ። ስድብ መሆን አለመሆኑን ለመለየት ፊታቸውን አየሁ። ፈገግ ብለዋል። ከእሳቸው አይቆጠርም ብዬ ተውኩት።

"ወደ አውጫጩ ከሆነ ክንድህን ስጠኝ፤ እኔንም ከሽማግሎቹ ጋር ተቀመጥ ብለውኛል።" ጥቂት እንደ ሄድን ቆም አሉ። "ቀስ በል እንጂ አንተ! በግ ለጠፋባት ሴት የሚሄድ ሰው እንዲህ አይፈነጥዝም። ሚዜ መሰልክ እኮ!"

"የኔታ፣ አንድ የሰማሁት ነገር አለ..."

"ተው፣ አትንገረኝ።"

"የሰውየውን ስም ብቻ..."

"ስሙን በተለይ!" ብለው በበትራቸው መሬቱን መቱ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ለመሆኑ ጣፈጠህ?" አሉኝ።

"ምኑ?"

"ወሬው ነዋ።"

ለየኔታ መዋሸት አልለመድኩም። "ሦስት ቀን እህል አላሰኘኝም፤ እሱን ብቻ ሳላምጥ ሰነበትኩ" አልኩ።

"እንዲያ በል! የዕብራውያን ጠቢብ ንጉሥ የሹክሹክታን ቃል ምን አለው መሰለህ? መልካም ጉርሻ ነው አለ። ሳያኝኩት ይወርዳል፣ ሆድ ውስጥም ማደሪያ ያበጃል። ልብ በል፣ መራራ ነው አላለም! የእኛ ሰባክያን ሐሜት እሬት ነው ይላሉ። ሕዝቡ ይቀምሰዋል፣ ማር ሆኖ ያገኘዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሰባኪውን አያምነውም። ጠቢቡ ግን አስቀድሞ ጣፋጭ ነው ብሎ ነገረን፣ እንድንጠነቀቅ። ለመራራ ነገር ምን ጠባቂ ያስፈልገዋል?"

እኔም በቀላሉ የምረታ ሰው አይደለሁም። "የኔታ፣ ይሄ እኮ ሐሜት አይደለም፤ የፍርድ ነገር ነው። አባቶቻችን ሌባን ያጠፉት በወፍ ነው። ወፍ ባትኖር ድኻው ጉልበተኛውን በምን ይከሰዋል? ፊት ለፊት የተናገረ እንደ ሆነ ቤቱ ይቃጠልበታል።"

የኔታ ደስ አላቸው። "በል፣ ይህን የመሰለ ነገር መዝሙር ሰባ ላይ ሳለህ ተናግረህ አታውቅም። እውነት ነው፤ ወፍ የተመረጠችው ፈሪውን ልትሰውር ነው። ነገር ግን ልጄ፣ ፈሪውን የሰወረ ጨለማ ቂመኛውንም ይሰውራል። ጨለማ ሰው አይመርጥም።"

ቂመኛ ሲሉ ክንዴን ሳብ አደረግሁ። አልለቀቁኝም።

"እሺ ግዝቱስ?" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። "ቄሱ የሰማውን የደበቀ ብለው ይገዝታሉ። ሰምቻለሁ። ዝም ብል አይዘኝም?"

"ምን ሰማህ? በግ ሲጮህ ሰማህ?"

"አይ።"

"ሌባው ሲማከር ሰማህ?"

"አይ የኔታ፣ ከአንዲት ጠላ ሻጭ..."

"እንግዲያ የሰማኸው የጠላ ሻጭ ድምፅ ነው! እሷም ከሰው፣ ሰውዬውም ከሰው። ግዝቱ በሌባ ላይ የወጣ ነው፤ አንተ የጠላ ቤት ወሬ ልታጓጉዝበት ነው እንዴ?" ብለው ሳቁ፤ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ከዚያ ዳገቱን ወጣን። እላይ ስንደርስ በበትራቸው ተደግፈው ወደ መርሐቤቴ ቆላ አሻግረው እያዩ እንዲህ አጫወቱኝ።

"በ1951 እዚያ ታች፣ ከዓለም ከተማ ወዲህ፣ ቅኔ እቆጥር ነበር። የአንድ ባላገር በሬ ጠፋና አውጫጭ ተጠራ። ተማሪ ነው፣ እንግዳ ነው፣ አያዳላም ብለው ወፍ አደረጉኝ። አንድ ሰው መጥቶ፣ ተክለጻድቅ ነው የበላው ብሎ በጆሮዬ ነገረኝ። እኔም ከሕዝቡ መካከል ቆሜ፣ ወፍ ተክለጻድቅን አለች አልኩ። ሕዝቡ ሁሉ እኔን ሲያይ፣ ሳልዋሽህ፣ ኩራት ተሰማኝ። ተክለጻድቅ የነበረውን አንድ በሬ ሰጠ። ከጎረቤት ጋር ያቀናጀው ጥማድ ፈረሰ። እህሉን የሚፈጭለት፣ እሳት የሚያውሰው ጎረቤት ጠፋ። ሚስቱን ይዞ ወደ ባሰው ቆላ ወረደ፤ እዚያ ንዳድ ገደለው።"

"የጠፋው በሬስ?"

"በሁለተኛው ዓመት ማር ቆራጮች በገመድ ገደል ሲወርዱ አጥንቱን ከነቃጭሉ አገኙት። ገደል ገብቶ ነበር።"

ክንዴን ይዘው እንደገና መራመድ ጀመሩ።

"ያን ጊዜ ነገሩ ከየት እንደ መነጨ ፈለግሁ። የነገረኝ ሰው ከሚስቱ ሰምቶ ነው። ሚስቱ ከምንጭ ሰምታ ነው። ከምንጭ ያወራችውን ሴት አገኘኋት፤ ደግ ሴት ናት። 'እኔ ያልኩት፣ ዛሬ የተክለጻድቅ ቤት ጭሱ ወፍራም ነው፣ ምን ሊበሉ ይሆን ብዬ ነው። ለጨዋታ ነው ያልኩት' ብላ አለቀሰች። ለካስ ደረቅ እንጨት አልቆባቸው እርጥብ ሲያነዱ ኖሯል! እንጨት ካልጨመሩበት እሳት ይከስማል፣ ሹክ የሚል ከሌለም ጠብ ይተኛል ይላል ጠቢቡ። እኛ በሰውዬው እርጥብ እንጨት ላይ ደረቅ ምላስ ጨመርንበት።"

"እርስዎ ምን ያድርጉ? የተነገርዎትን ነው የተናገሩት።"

"ወፍም እንዲህ ነው የምትለው! የዕብራውያን ሊቃውንት፣ ሐሜት በአንድ ምት ሦስት ሰው ትገድላለች ይላሉ፤ የታማውን፣ ያማውንና የሰማውን። ተክለጻድቅ ከሞተ ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው። እኔ ሦስተኛው ሬሳ ነኝ፤ ይኸው እዞራለሁ።"

የኔታን ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀንም አለቀሱ ብል ሐሰት ነው። ባናቸውን ወደ አገጫቸው ሳብ አደረጉት እንጂ።

"እንግዲህ ምን ይሁን ይላሉ? ሌባ ዝም ተብሎ ይተው?" አልኩ፤ ድምፄ ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም።

"አይተው! ወይዘሮ ወሰንየለሽ በእነዚያ በጎች ልጅ ታሳድጋለች። ያየ ሰው ቆሞ ይናገር፤ ከፈራም ከሽማግሎች ፊት የተከሰሰው ባለበት ይናገርና ሽማግሎች ዋስ ይሁኑት። ወፍ ትኑር ከተባለም፣ አየህ ወይስ ሰማህ ብላ ትጠይቅ። ሰማሁ ያለውን፣ የነገረህን ሰው አምጣ ትበለው። ከዕብራውያን ጠቢባን አንዱ ደግሞ፣ ነገር ከሰማህ ከአንተ ጋር ይሙት፣ አይዞህ፣ ሆድህን አይቀደውም ብሏል። ሊቁ ቀልድ ያውቃል።"

ከሜዳው ልንደርስ ስንል ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ። "አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ መልሱን ለራስህ ያዘው። ያ ሰው በጎቹን መስረቁን ታውቃለህ፣ ወይስ ትፈልጋለህ?"

በሌላው ሁሉ መከራከር እችል ነበር። እፈልግ ነበር። ከልጄ ጤና ቀጥሎ የምፈልገው እሱን ነበር። ማወቅ ግን ምንም አላውቅም።

እዚህ ላይ አንባቢዬ ትርፉን እንዲያይ አስቀድሜ ልናገር። በዚያው ዓመት በየኔታ ምክር አጥቢያችን አዲስ ደንብ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ያላየ አይናገርም፣ የሚናገርም ቆሞ ነው። በጆሮ የሚመጣ ስም ቀረ። በፊት በየአውጫጩ ማግስት ሁለት ሦስት ቤት ይኳረፍ ነበር፤ እንስራ ከምንጭ ይሰበር፣ ልጅ ከልጅ አይጫወት ነበር። ይህ ቀነሰ። በየበረቱ በተራ መጠበቅ ስለ ጀመርን ስርቆቱም ቀነሰ። ለወይዘሮ ወሰንየለሽ ሁላችን አዋጥተን አምስት በግ ገዛንላቸው፤ ዛሬ የእነዚያ ልጆች ጋጣውን ሞልተውታል። የኮከቤም ሠርግ በቀኑ ሆነ። እኔ አልተጠራሁም፤ ያልጠራኝ ማን እንደ ሆነም አልረሳሁም። ሰባቱን በጎች ማን እንደ ወሰዳቸው ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጌጡ ይሁን ሌላ፣ አላውቅም። ይህንን "አላውቅም" የምትል ቃል ለመማር አርባ አራት ዓመት ፈጀብኝ።

በዚያ ቀን ግን ይህ ሁሉ ገና አልሆነም ነበር። ሕዝቡ በሜዳው ላይ ክብ ሠርቶ ተቀምጧል። ቄሱ ገዝተው ጨርሰዋል። የኔታ ወደ ሽማግሎቹ ሄዱ። ወፍ ሆኖ የተመረጠው ምስክር የሚባል ቀልደኛ ጎረምሳ ነበር፤ ከትልቁ ቋጥኝ ጀርባ ቁጢጥ ብሏል። ተራዬ ደረሰና ሄድኩ።

"ኑ እስቲ ጋሼ ወንድምአገኝ!" አለኝ ጆሮውን እያሸ። "እስካሁን የመጡት ሁሉ ስለው ብቻ ተመለሱ። እርስዎ እንኳ ሞላሌ ይወርዳሉ፣ ወሬ አያጡም። ምን ሰሙ?"

አፌ ውስጥ ምራቄ ሞላ። ስሙ ሁለት ፊደል ነው፤ እስትንፋስም አይፈጅም።

"ምን ሰሙ ጋሼ? ይንገሩኝ እንጂ፣ ይሄ ጆሮ መቃብር ነው።"

ከቋጥኙ ጠርዝ ባሻገር ጌጡ ይታየኛል። ጋቢውን አንጥፎ ከጎኑ ለተቀመጠ ሽማግሌ ገብስ ቆሎ ያካፍላል። ወደ እኔ አላየም። ቢያይ ኖሮ ምን እንደማደርግ እግዚአብሔር ይወቅ።

"ዝም? ዝም ካሉ እኮ ሽማግሎቹ ይቀጡዎታል! ጋሼ! ኧረ ጋሼ ወንድምአገኝ፣ ምን ሰሙ?"

ባናዬን ትከሻዬ ላይ አጣፋሁና፣ ሳልመልስለት፣ በቃርሚያው መካከል ቁልቁል ወደ ቤቴ ሄድኩ።