ጎህ ሲቀድ የመጡት ደጋፊዎች

ወንድሜ በወጣትነቱ ስመ ጥር በረኛ ነበር፤ አሁን አዲስ አበባ ልቡን ታሞ ተኝቷል። ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ያለው ቤቴ ተንኳኳ። ብከፍት ጥቁር ካፖርት የለበሱ አራት ሽማግሌዎች፣ ወንድሜ የተጫወተበት ክለብ የጥንት ደጋፊዎች፣ በረዶው ላይ ቆመዋል። በእኛ ዘንድ በዚህ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ መርዶ ነጋሪ ነው። “እትዬ፣ እስቲ ገብተን ቁጭ እንበል” አለኝ አንዱ። “አልቀመጥም!” አልኩ፤ ከተቀመጥኩ የሚነግሩኝ መሰለኝ። ሌላው ዕንባ አቅርሮ “ያቺን ፍጹም ቅጣት ምት ያዳናት ጊዜ! እንደሱ ያለ በረኛ ከየት ይመጣል?” አለ።

“ሞተ በሉኛ!” ብዬ ጮህኩ።

“ኧረ በስመ አብ! የድሮ ተጫዋቾችን ልናስታውስ ስለሆነ ፎቶውን ፈልገን ነው። ሁላችንም ሾፌሮች ነን፣ ሥራ ሳንገባ ብለን እኮ ነው” አለ የመጀመሪያው።

ንዴቴ ከፍርሃቴ ባሰ። ታሞ ሲተኛ አንድም ቀን አልደወሉለትም፤ ፎቶው ግን ይፈለጋል። “መጀመሪያ እሱን ጠይቁት” ብዬ ደወልኩ። ስልኩ ቶሎ አልተነሳም፤ ደግሜ ደወልኩ። በመጨረሻ “ሄሎ” ሲል አራቱም ስሙን እየጠሩ ተንጫጩ።

ወንድሜ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ “እህቴ፣ እዚያ ገና ሲነጋ ይህ ሁሉ ሰው ቤትሽ የመጣው ማን ሞቶ ነው?” አለኝ።