የስለቱ ኮርማ

በ1979 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ መውሊድ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ደሴ ውስጥ ሽንኩርት ልገዛ ከሆጤ ወደ ሰኞ ገበያ ወረድኩ። ሽንኩርቱን ግን ሳልገዛ ተመለስኩ። ባለቤቴ ትርፌ ይህን ነገር እስከ ዛሬ ታነሣብኛለች።

ምክንያቱ አንድ ኮርማ ነው። ሰው ክብ ሠርቶ ቆሟል፤ ከሰዉ ራስ በላይ ሁለት ቀንዶች ይታያሉ። እንደ ክራር ክንድ ግራና ቀኝ ተለያይተው ወደ ላይ ወጥተዋል። እንዲህ ያለ ቀንድ ካየሁ ሃያ ዓመት ሳይሆነኝ አይቀርም። ልጅ ሳለሁ የራያ ዘር የምንላቸው እነዚህ ከብቶች በገራዶ በኩል መንጋ መንጋ ሆነው ሲመጡ፣ እናቴ ሥራዋን ጥላ በር ላይ ወጥታ ታያቸው ነበር። እኔም ቀሚሷን ይዤ አያለሁ። ያን ጊዜ ይጠፋሉ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

አንዲት ጎመን ሻጭ አሮጊት፣ "ጠግባችሁ እዩት፤ እንዲህ ያለ ከብት ዳግም አናይም" አሉ።

ገመዱን የያዙት የገራዶው ገበሬ ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ናቸው። አጠገባቸው የቆመችው ልጃቸው ኡሙሰልማ ተማሪዬ ነበረች፤ አሁን ኮምቦልቻ ግብርና ቢሮ የከብት ጤና ረዳት ሆናለች። አባትና ልጅ ተኳርፈዋል። ልጅቱ እኔን ስታይ ዳኛ ያገኘች መሰላት። ኮርማውን ከግንድ አስረን ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጥን።

ነገሩን ያስረዱኝ አባትየው ናቸው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ኡሙሰልማ ኮምቦልቻ መጠለያ ውስጥ በሽተኛ ስትረዳ ተስቦ ያዛት። ጋሽ ዘይኑ ከከብቶቻቸው የቀረላቸው አንድ ወይፈን ብቻ ነበር፤ እሱንም ያተረፉት የቤታቸውን ክዳን ሣር ነቅለው እያበሉ ነው። ልጃቸው ራሷን ስታ በተኛችበት እግር ሥር ቁጭ ብለው፣ ከዳነችላቸው ወይፈኑ አድጎ ኮርማ ሲሆን ለመውሊድ አርደው ድሃ ሊያበሉበት ተሳሉ። ልጅቱ ዳነች፣ ወይፈኑም ኮርማ ሆነ። አሁን ከኮምቦልቻ ማዶ መውሊድ ወደሚከበርበት ቦታ እየወሰዱት ነው። ልጅቱ ደግሞ አይታረድም ብላ መንገድ ላይ ጠብቃቸዋለች።

እኔ ቸኩዬ ገባሁበት። የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ ተሰብስበን የምናመልክ ሰዎች ነን፤ ስለት የሚባል ነገር አንወድም። ስለት ኋላ ቀር ልማድ ነው፣ ሳይንሱም አይደግፈውም ብዬ እንደ ክፍል ውስጥ አስረዳሁ። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

"መምህር ይርጋ" አሉ ጋሽ ዘይኑ በትሕትና፣ "ልጅ ታሞብዎት ያውቃል?"

አያውቅም ነበር። ኡሙሰልማም በበኩሏ ስለቱን እንዳልነካችባቸው ነገረችኝ። አፈርኩና ሻዬን መጠጣት ያዝኩ።

"አባቴ" አለች ኡሙሰልማ፣ "እስቲ የድሮዎቹን ኮርማዎቻችንን ለመምህር ይንገሯቸው።"

የሽማግሌው ፊት ወዲያው ፈካ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ጀመሩ። ቦራ የሚባለው የአባታቸው ኮርማ ቀንዱ ከመስፋቱ የተነሣ በረት አላስገባ ብሎት በሩን አፍርሰው እንደ ገና ሠርተውለታል። ሲያገሣ ከወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር። ሲናገሩ እጃቸው በአየር ላይ ያንን ቀንድ ይሥላል። እኔም የእናቴን በር አስታወስኩ፤ እንባዬም መጣ።

"ስንት ጥጃ ተወለደለት?" አለች ልጅቱ።

"ምን ጊዜ አግኝቶ? ገና ኮርማ ከመሆኑ አያትሽ ሲሞቱ ለሰደቃ ታረደ። ለሰደቃ ያማረው ነዋ የሚመረጠው።"

ቀጥለው ዳለቻን አነሡ። እንደ ዳለቻ ያለ ትከሻ አይተው አያውቁም።

"እሱስ?"

"ለእርሻ ተመርጦ ተኮላሸ። ወላሂ፣ ገራዶን ያረሰ በሬ ነው የሆነው።"

ሦስተኛው ሻሾ ነበር። ሻሾ ኮርማ በሆነ በወሩ በወንድማቸው ሰርግ ታርዷል፤ ሰርገኛው ሁሉ ቀንዱን እየዳሰሰ አድንቋል።

"ታዲያ አባቴ፣ ላሞቻችንን እያጠቃ ጥጃ ሲያስወልድ የኖረው የትኛው ኮርማ ነው?"

"የቀረው ነዋ" አሉ ጋሽ ዘይኑ። "ያልታረደው። ለእርሻም... ያልተመረጠው።"

እጃቸው በአየር ላይ እንዳለ ቀረ። የነገሩን ሁሉ አንድ በአንድ መልሰው ሲያስቡት ፊታቸው ላይ አየሁ። ስድሳ ዓመት ሙሉ የኮሩባቸው ኮርማዎች አንዳቸውም ዘር አልተኩም። እኔ ሒሳቡን ላስረዳቸው አፌን ልከፍት ስል ኡሙሰልማ በዓይኗ ከለከለችኝ።

"ድርቁ መስሎኝ ነበር የጨረሰብን" አሉ በመጨረሻ።

"ድርቁ እኛ የጀመርነውን ነው የጨረሰው" አለች።

ጋሽ ዘይኑ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። ግብርና ቢሮ የፈረንጅ ኮርማ ያመጣል ይባል የለም ወይ ብለው ጠየቁ። ልጅቱ አልዋሸቻቸውም። የፈረንጁ ዝርያ ወተቱ ብዙ ነው፤ ብዙ መኖና ብዙ መድኃኒትም ይፈልጋል። የጣሪያ ሣር በልቶ ክፉ ቀን የሚሻገር ግን ይኸኛው ነው። እሱ ከሄደ በኋላ በማንም ገንዘብ፣ በየትኛውም አገር ተፈልጎ አይገኝም።

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ያን ጊዜ የጭንቀታቸውን ሥር አወቅሁ።

"ልጄ፣ ይህን ኮርማ የተሳልኩት በአንቺ ነፍስ ነው። ባላርደው አላህ መልሶ አንቺን ቢወስድብኝስ?"

ኡሙሰልማ የአባቷን እጅ ይዛ ሳመችው።

"ስለቱን ይተዉ አላልኩም። ሲያድግ አሉ እንጂ ዓመቱን አልቆረጡም። ልጆቹ ኮርማ እስኪሆኑ ይቆይ፤ ያን ጊዜ ለመውሊድ ይታረዳል።"

"እስከዚያ እኔ ብሞትስ?"

"እኔ እወስደዋለሁ። በዚሁ መንገድ፣ በራሴ እጅ።"

ጋሽ ዘይኑ ተነሥተው፣ ባዶ እጄን አልሄድም ብለው፣ ለድሆቹ አንድ ሙክት ገዙና ኮርማውን ለልጃቸው ትተው የመውሊዱን ሼህ ሊጠይቁ ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ። በኋላ እንደ ሰማሁት፣ ሼሁ ቀን ያልተቆረጠለት ስለት ሊቆይ እንደሚችል፣ ነገር ግን እንደማይቀር ነግረዋቸዋል። ኮርማውም ያን ቀን ወደ ገራዶ ተመለሰ።

አራት ዓመት አለፈ። በ1983 ዓ.ም. መስከረም ወር ወታደር የጫኑ መኪናዎች ደሴን ሲያጨናንቁ፣ መንገዱን ለማቋረጥ ቆሜ ሳለሁ እነዚያን ቀንዶች እንደ ገና አየኋቸው። ገመዱን የያዘችው ኡሙሰልማ ብቻዋን ነበረች፤ ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃለች። ጋሽ ዘይኑ በክረምቱ አርፈዋል።

ያን ያህል የተከራከረችለትን ከብት ለመታረድ ስትወስደው ማየት ከበደኝ። ሼሁን ብትለምኚስ አልኳት፤ እኔው፣ ስለት ኋላ ቀርነት ነው ያልኩት ሰውዬ።

"እጄን ይዘው ነው የሞቱት፣ መምህር" አለች። "ያመኑኝ ለዚህ ቃል ብለው ነው።"

የገራዶን ወሬም ነገረችኝ። ከቡሬ፣ ማለትም ከዚህ ኮርማ፣ አሥራ አንድ ጥጃ ተወልዷል፤ ሁለቱ ወይፈኖች ኮርማ ሆነዋል። ያማረ ወይፈን ዘር ሳይተካ እንዳይታረድ፣ እንዳይኮላሽም ጎረቤቱ ሁሉ በጋሽ ዘይኑ ፊት ተማምሏል። ጊደሮቹ ሲወልዱ ልጆች ዳግመኛ የዚያን ዘር ወተት ይጠጣሉ፤ ክፉ ቀን ቢመለስ እንኳ ባዶ በረት አያገኝም። የቀለም ትምህርትና የአባት ቃል ተጣልተው ይኖራሉ ብዬ አምን ነበር። አንዱን ይዞ ሌላውን መጠበቅ እንደሚቻል ያስተማረችኝ ተማሪዬ ናት።

ሰኞ ገበያ መሐል ስንደርስ ኮርማው ቆመ። አልሄድ አለ። እኔም ገመዱን ከእሷ ጋር ያዝኩ። እኚያ ጎመን ሻጭ አሮጊት አሁንም እዚያው ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ቀንዱን ግን አወቁት።

"ወይኔ፣ የመጨረሻው ሊሄድ ነው?" አሉ።

"አይደለም፣ እማማ" አለች ኡሙሰልማ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች። "ልጆቹ ገራዶ ናቸው።"