ቀን የተኛ ሁሉ አልታመመም

ወይዘሮ ደስታ ከሸዋ ሮቢት ገበያ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ገዝተው ሲመለሱ፣ የጎረቤታቸው ልጅ ነርስ ሙሀባ ከባጃጅ ስትወርድ አስፋልቱ ዳር ተገናኙ። ገና ሦስት ሰዓት ነው፤ የቆላው ፀሐይ ግን አናት መብሳት ጀምሯል። ሁለቱም ደክሟቸዋል። አንዷ ሆስፒታል በሽተኛ ስታስታምም አድራለች፤ ሌላዋ በሽታ ይመጣል ብለው ሲጨነቁ አድረዋል።

«ሎሚው ለማን ነው እትዬ? ማን ታመመ?» አለች ሙሀባ።

«ልጄ ዘላለም ነዋ! ማሾ ማበጠሪያው ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ከገባ ወዲህ ቤት ሲመጣ ወድቆ ነው የሚውል። በእኛ አገር ጤነኛ ሰው ቀን ተኝቶ አይተሽ ታውቂያለሽ? ወባ ካልሆነ ምን ይሆናል?»

«ያተኩሰዋል?»

«እስካሁንስ የለበትም። እኔ ግን በየሰዓቱ ግንባሩን እየዳበስሁ ነው የምውል።»

«በየሰዓቱ! አይነቃም?»

«ይነቃል እንጂ። ‹እማዬ፣ ደህና ነኝ› ይለኛል። ደህና የሆነ ሰው መቼ ደህና ነኝ ይላል?»

ሙሀባ ሳቋ መጣና መለሰችው። እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ባልከፋ። መንደሩም ቀን የተኛን ሰው ሳይጠይቅ ማለፍ ነውር ስለሚመስለው፣ አንዱ አጥሚት ይዞ፣ ሌላው «እግዜር ይማርህ» ሊል ዘው ይላል። ልጁ ከአልጋው እየተነሣ እንግዳ ይቀበላል።

«ጣቱንስ በጨርቅ አስሮ አየሁት፤ ምን ሆኖ ነው?»

«ማክሰኞ ሌሊት የጆንያ መስፊያው መርፌ አውራ ጣቱን በሳው። ያው በሽታው አዙሮት ነው።»

«አይቆጡኝና፣ ቆሞ አንቀላፍቶ ነው። እርስዎን ሌሊቱን ሙሉ እየቀሰቀሱ ቢያሳድሩዎትና ጠዋት የፈላ ዘይት ቢያሸክሙዎትስ?»

«እቃጠላለኋ!»

«እሱም እንዲሁ ነው። ዛሬ ጣት ነው፤ ነገ ደግሞ እጁ…»

«አትጨርሺው!» አሉ ወይዘሮ ደስታ። ክፉውን ሁሉ አስቀድመው የሚናገሩት እሳቸው ነበሩ፤ ከሰው አፍ መስማቱን ግን አልቻሉትም። መንገዱ ዳር ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። «ፀሐይ ወጥቶ መተኛት ደም ያበላሻል ትል ነበር እናቴ። ፈጣሪስ ሌሊቱን የሰጠን ለዕረፍት አይደል?»

«ልክ ነው፤ እኛ እስላሞቹም እንዲያው ነው የምንል። ግን ሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ‹ነገ ነይ› ልበላት?»

«እሱስ አይባልም።»

«እንግዲያው ሌሊት የሠራ ቀን መተኛት አለበት። ወላሂ እትዬ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ጨጓራው ይታመማል፣ ደም ግፊቱ ይነሣል፣ በትንሹ ይቆጣል።»

«ወባው ቢይዘውስ ታዲያ?»

«ይኼን መፍራትዎ ደግ ነው። ካተኮሰው፣ ብርድ ብርድ ካለው፣ ቶሎ ያምጡልን። ነገር ግን የወባ ትንኝ በብዛት የምትነድፈው ሌሊት ነው። አጎበራችሁ ቤት ባዶውን ያድራል፤ ዘላለም ደግሞ እዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ይሠራል።»

ወይዘሮ ደስታ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «እመቤቴን! ይኸንንስ ሳልፈራው ኖርሁ!»

«አሁን ይፍሩት፤ ፈርተው ግን አንድ ነገር ያድርጉ። እጅጌው ረጅም ሸሚዝ ይልበስ። ሠራተኞቹም አብረው ሆነው መስኮቱ ወንፊት ሽቦ እንዲደረግበት ይጠይቁ። ቀን ደግሞ ከቆርቆሮው ክፍል አውጥተው የጭቃው ጓዳ ያስተኙት፤ ቀዝቀዝ ይላል። መስኮቱን ይጋርዱለት። ከዚያ በኋላ ደጁን ይጠብቁ እንጂ አይግቡ።»

ወይዘሮ ደስታ ቤት እንደ ደረሱ ልጃቸውን ጓዳ አስገብተው መስኮቱን በጋቢ ጋረዱና በርጩማ ይዘው ደጃፍ ተቀመጡ። በእግዚአብሔር ስም፣ ከዚያ የበለጠ ከባድ ሥራ በዕድሜያቸው አልሠሩም። ሦስት ጊዜ ተነሥተው ሦስት ጊዜ ተቀመጡ።

እኩለ ቀን ላይ የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ወንድሙ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። «ዘላለም ዛሬም ወደቀ አሉኝ። እስቲ ገብቼ ልየው።»

«አልታመመም ጋሼ። ተኝቷል።»

«ሳይታመም በጠራራ ፀሐይ የሚተኛ ጎረምሳ! ትናንትም ድንኳን ሲተከል አልመጣም። ይኸ በእኛ ጊዜ ስንፍና ይባል ነበር።»

«በእርስዎ ጊዜ ማሽላ ላይ ከርከሮ ሲያባርሩ ማማ ላይ ያደሩ ዕለት፣ ቀን ማን ይቀሰቅስዎ ነበር?»

«ማን ደፍሮ! እናቴ ዶሮዎቹን ሳይቀር ከደጅ ታባርርልኝ ነበር።»

«የእሱ ማማ ፋብሪካው ነዋ።»

ሽማግሌው እንዳይንኳኳ ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር አገቡ። ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው፣ «ታዲያ ዛሬ ዶሮዋ እኔ ነኛ» አሉና በእግር ጣታቸው እየረገጡ ሄዱ።

ዐሥር ሰዓት ላይ ዘላለም ደንግጦ ወጣ። «እማዬ! ምን ሆነሽ ነው ሳትቀሰቅሺኝ የዋልሽ? ታመሽ ነው?»

«ደህና ነኝ ልጄ። ደክሞኝ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ግቢና ጋደም በይ፤ በሩን እኔ እጠብቃለሁ» አላቸው። ወይዘሮ ደስታም ስንት ሳምንት ያጡትን እንቅልፍ ተኙ።

ወር ሳይሞላ የዘላለም ጣት ዳነ። ምሳውን በደስታ ይበላል፤ ማሽኑ ላይ አያንቀላፋም፤ በእናቱም አይነጫነጭም። ሠራተኞቹ ተሰብስበው ስለጠየቁ የፋብሪካው መስኮት ወንፊት ሽቦ ገባለት። ጋሽ ወንድሙም ሌሊት የሚሠሩ ልጆች የዕድር ተራቸው ከዐሥር ሰዓት በኋላ እንዲሆን አስወሰኑ። ከእንቅልፍ የሚገኘው ጥቅም ለተኛው ብቻ አይደለም፤ አጠገቡ ለሚኖረውም፣ አጠገቡ ለሚሠራውም ይተርፋል። ወይዘሮ ደስታ መፍራቱን አልተዉም። አሁን ግን ፍርሃታቸውን ከደጅ አያሳልፉትም፤ እዚያው በርጩማው ላይ አብሯቸው ተቀምጦ እንግዳ ይመልስላቸዋል።