የእትዬ አስካለ ሞርጌጅ

ንግግሩን ቃል በቃል ላላስታውሰው እችላለሁ። አክስቴ እትዬ አስካለ ቦሌ ቡልቡላ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶላቸው፣ የብድር ውል ሊፈርሙ ጉርድ ሾላ ወደሚገኝ ባንክ አብሬያቸው ሄድኩ። እስክሪብቶውን እንደያዙ፣ "ይኼ ሞርጌጅ የሚሉት ምን ማለት ነው?" አሉኝ። በትክክል ላስረዳ ብዬ፣ "ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ የሞተ መያዣ ማለት ነው" አልኳቸው። እስክሪብቶውን አስቀመጡት።

"ገና ሳልገባበት ሞት ትጠራበታለህ? አልፈርምም።"

ስንት ዓመት የጠበቁት ቤት በእኔ ምላስ ሊቀር ሆነ። ፈራ ተባ እያልኩ፣ "የሚሞተው ዕዳው ይመስለኛል እትዬ፤ ከፍለው ሲጨርሱ" አልኩ። የባንኩ ሠራተኛ ሳቀች። እሳቸውም፣ "እሱስ ይሙት፤ ለቅሶ አልቀመጥለትም" ብለው ፈረሙ።

በኋላ መዝገበ ቃላት አየሁ። ዕዳው ከተከፈለ መያዣው ለአበዳሪው የሞተ ይሆናል፤ ካልተከፈለ ግን ለተበዳሪው። የእትዬ አስካለ መያዣ ለባንኩ ከሞተ ዓመት አልፎታል።