ከአገዳው ጫፍ የተረፈ ዘር

በ1932 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ያን ጊዜ እኔ ጨው ነጋዴ ነበርሁ። ቀድሞ ደብረ ብርሃን ላይ ልጆች አስተምር ነበር፤ ጣሊያን ገብቶ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ጠመኔ እንደማያበላ አየሁና ሁለት አህያ ገዝቼ ከአልዩ አምባ ጨው ወደ ደጋ ማውጣት ያዝሁ። የመምህርነት አመሌ ግን አልለቀቀኝም፤ ሁለት ሰው ሲከራከር ካየሁ ቆሜ ካልሰማሁ ደስ አይለኝም።

የዚያን ቀን ጎረቤላ ላይ ይለፍ ወረቀቴን ለጣሊያን ዘበኞች አሳይቼ ትንሽ እንደሄድሁ፣ ከመንገድ ዳር ካለ ጓሮ ክርክር ሰማሁ። ጓሮው የወይዘሮ አልታየች ነው። ወይዘሮ አልታየች ከእናታቸው በወረሱት ነጭ ሽንኩርት በአገሩ የታወቁ ባልቴት ናቸው፤ ጨውም በርበሬም የሚያገኙት እሱን ለውጠው ነው። ያበበውን የሽንኩርት አገዳ እየቀነጠሱ ለዶሮ ይወረውራሉ። የጎረቤታቸው ልጅ ዘርአ ዳዊት ደግሞ ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለ ከዶሮዎቹ ጋር እየተሻማ ይለቅማል። ዘርአ ዳዊት ጦርነቱ ትምህርቱን ያቋረጠበት ተማሪዬ ነው።

«መምህር፣ እሰይ መጡልኝ» አሉ ወይዘሮ አልታየች። «ይህን ተማሪዎን ይምከሩልኝ። ሥራ ሞልቶ ሳለ የዶሮ ቀለብ ይለቅማል።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፣ የሚጥሉት ዘሩን ነው» አለ ዘርአ ዳዊት።

«የነጭ ሽንኩርት ዘሩ ፍንካቹ ነው። አገዳ ያወጣማ መክኗል። እናቴ ያስተማረችኝ እንዲህ ነው።»

«ፍንካቹስ ዘንድሮ ምን ሰጠዎት?»

እዚህ ላይ ወደ መደቡ አሳዩኝ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። አንዱን ብነቅለው ሥሩ ነጭ ሻጋታ ለብሶ በእጄ ላይ ፈረሰ። እንዲህ ሲሆን ሦስተኛ ዓመቱ ነው። መቶና ሁለት መቶ ራስ ይሰጥ ከነበረው መደብ የተረፈው ሰባት ራስ ብቻ ነበር።

«እሱም ቢተከል መበስበሱ አይቀርም» አሉ። «የእናቴ ዘር በእኔ እጅ ሊጠፋ ነው።»

«እማማ፣ በሽታው ያለው በአፈሩና በፍንካቹ ላይ ነው» አለ ልጁ። «እርስዎም በየዓመቱ የታመመውን ፍንካች ወደ ታመመው አፈር ይመልሱታል። ይህ በአገዳው ጫፍ የተቋጠረው ጥቃቅን ፍሬ ግን አፈር ነክቶት አያውቅም። ከበረቱ ማዶ ካለው ንጹሕ መሬት ቢዘሩት ዘሩ ይድናል።»

«እናቴ ዘሩን ከመደቡ እንዳታወጪው፣ በረከቱ አብሮ ይወጣል ብላ አስምላኛለች።»

«እናትዎስ ከየት አገኙት?»

«ከመንዝ ስትዳር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችው ነው።»

«እንግዲያ በረከቱ መንገድ ያውቃል ማለት ነው።»

እኔ ሳቅሁ። ወይዘሮ አልታየችም ሊቆጡ አስበው ሳቃቸው ቢቀድማቸው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔ ይህን ልጅ ፊደል እንጂ ነገር አላስተማርሁትም፤ ቢሆንም በልቤ ኮራሁበት።

«እሺ ይሁን። ለመሆኑ መቼ ይደርሳል?»

«በሁለት ዓመት።»

«ሁለት ዓመት? በዚህ በጣሊያን ዘመን ሁለት ዓመት ማን ይቆያል ብለህ ነው?»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለም?»

«እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ እኔ በአራት ሰው ትከሻ እሄዳለሁ።»

ዘርአ ዳዊት ከኪሱ ሁለት ነገር አወጣ። አንደኛው እንደ አተር የደበለበለ፣ ፍንካች የሌለው ነጠላ ሽንኩርት ነው። ሁለተኛው የተሟላ ራስ ነው።

«ፍሬው በመጀመሪያው ዓመት የሚሰጠው ይህን ድብልብል ነው። ቅጠሉ እንደ ሣር ስለሚቀጥን አራሚው ነቅሎ እንዳይጥለው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ድብልብሉን ሳይበሉ በሰኔ መልሰው ሲተክሉት በሁለተኛው ዓመት ይህን ሙሉ ራስ ይሰጣል። ዘርቼ ያደረስሁትን ሌላውን ራስ የጣሊያን ዘበኞች ቤታችንን ሲፈትሹ ወሰዱብን፤ የቀረኝ አንድ ይህ ራስ ነው።»

ወይዘሮዋ ራሱን ተቀብለው ፈለፈሉት። ወይን ጠጅ ቆዳውን አዩ፤ አሸተቱ፤ አንዱን ፍንካች ነከሱ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ይህ የእናቴ ነው። ከማን ሰረቅኸው?»

«ከሦስት ዓመት በፊት ቤታችን የተቃጠለ ጊዜ ዘራችን ሁሉ ነደደ። በማግሥቱ አጥራችን ላይ ተሰክቶ ያገኘሁት እርስዎ የወረወሩትን አገዳ ነው። የዚያ ፍሬ ነው እማማ።»

ወይዘሮ አልታየች ጎንበስ አሉና ዶሮዎቹን «እሽ!» ብለው አባረው መልቀም ጀመሩ። እኔም ጨዌን አራግፌ አብሬ ለቀምሁ። ሦስታችን በእንቅብ ሙሉ ፍሬ ሰበሰብን።

ነጻነት መጣ፤ እኔም ወደ ጠመኔዬ ተመለስሁ። በ1934 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በዚያ በኩል ሳልፍ ወይዘሮ አልታየች ከሩቅ ጠሩኝ። ከበረቱ ማዶ ያለው መሬት ነጭ ሽንኩርት በነጭ ሽንኩርት ሆኗል፤ ዘርአ ዳዊት ይነቅላል፣ እሳቸው ይጎነጉናሉ።

«ይኸው መምህር» አሉኝ። «ሰባቱን ራስ ሳልሳሳ በወጥ በላሁት፤ ዘሬን ከአገዳ አገኘሁት፤ ያ ሻጋታም ማዶ አልተሻገረም። ለሰባት ጎረቤት ፍሬ አድያለሁ። እናቴ ብታይ መሐላውን ራሷ ትፈታልኝ ነበር።»

አንድ ጉንጉን በትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። ልሰናበት ስል እየሳቁ መለሱኝ።

«ሁለት ዓመት ማን ይቆያል ብዬ ሞግቼው አልነበር? ለካ የማይቆየው ጣሊያን ኖሯል።»